ሁለት ዓመት በአንተ ወንበር ላይ

ውድ ዘካርያስ፣

ይህን የምጽፍልህ ኢስሊ ገበያ፣ ሱቄ ውስጥ ቆሜ ነው። መቀመጥ አልሆነልኝም። ከጠዋት ጀምሮ አንዱን ጣቃ ጨርቅ ሦስት ጊዜ ለክቼ ሦስት ዓይነት ልክ አገኘሁ። ደንበኛዬ ፈገግ ብላ «ማማ ሳፊያ፣ ዛሬስ ልብሽ የለም» አለችኝና ጎረቤት ሱቅ ገባች። የካምፓላው አውቶቡስ ከሰዓት በኋላ ይነሳል፤ ሾፌሩ አሚር ደብዳቤውን ነገ በእጅህ ይሰጥሃል።

ወደ ሁለት ዓመት ሳንጻጻፍ ስለኖርን ነገሩን አላረዝምብህም። ቅዳሜ ማኅበራችን ይሰበሰባል። የሚወሰነው የፕሮግራማችን ኮድ እንደ ቀድሞው ለማንም ክፍት ሆኖ ይቆይ ወይስ ይዘጋ የሚለው ነው። ከዚያ በፊት ግን ለአንተ የምናዘዘው አለኝ።

በፈረንጆች 1994 ፓርክላንድስ፣ የቤተ ክርስቲያናችሁ ጓሮ ያለችውን ክፍል ታስታውሳለህ። አንድ ኮምፒውተር ነበረን። አማርኛ የሚጽፈውን ፕሮግራም አንተ ሠራኸው፣ የሺወርቅ እየተየበች ስህተቱን አወጣች፣ መምህር ቶሎሳ ለተማሪዎቹ አከፋፈለው። ሕጋችን ቀላል ነበር፤ ማንም ሰው ፕሮግራሙን ከነኮዱ ይወስዳል፣ ያሻሻለውን መልሶ ያመጣል፣ ያሻሻለው ሰው ስምም ይጻፋል። ማኅበሩን ልናስመዘግብ ስንሄድ ግን ጸሐፊው የሊቀመንበሩን ኪፓንዴ፣ የኬንያ መታወቂያውን፣ አምጡ አለ። አንተ የያዝከው የስደተኛ ወረቀት ብቻ ነበር። ኬንያዊ መታወቂያ ያለኝ፣ በኬንያ በኩል ባለው ሞያሌ የተወለድኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔ ደግሞ የመጣሁት ለሱቄ ማስታወቂያ ላስጽፍ ነበር።

«ሳፊያ ትሁን» አልክ። «ስለ ኮምፒውተር ምንም አታውቅም፤ ስለዚህ የምታበላሸው የለም።»

«አንተ ደግሞ ስለ ሰው ምንም አታውቅም» አልኩህ። ሁሉም ሳቀ።

የሺወርቅ ቃለ ጉባኤው ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ሳፊያ ለወረቀት ሊቀመንበር ትሆናለች። ዘካርያስ መታወቂያ ባገኘ ጊዜ ወንበሩን ታስረክበዋለች።» ፈረምኩ። መዝገቡንም እኔ ያዝኩ።

በሴፕቴምበር 1997 መታወቂያህ ወጣ። ሱቄ ድረስ እየሮጥክ መጥተህ «ማዳም ቼር፣ በይ ተነሺልኝ!» አልከኝ። እኔም ጉባኤ ጠርቼ በወጉ ላስረክብህ አልኩ። መጀመሪያ በዝናቡ አሳበብኩ፣ ቀጥሎ በምርጫው፣ ከዚያ በረመዳን። ማስታወሻዬ ላይ ጃንዋሪ 11፣ 1998 የጻፍኩትን እንዳለ ልገልብጥልህ፦ «ዘካርያስ ዛሬም ጠየቀኝ። ከረመዳን በኋላ አልኩት። ከረመዳን በኋላም ሌላ ምክንያት እንደማላጣ አውቃለሁ።»

ለምን እንደሆነ ልንገርህ። ሩንዳ፣ ሀብታሞቹ ሰፈር፣ አንዲት የተራድኦ ድርጅት ኃላፊ ቤት በሊቀመንበርነቴ ተጋብዤ ሄጄ ሴትዮዋ ብድግ ብላ ወንበር ሳበችልኝ። እዚህ ገበያ ውስጥ «አንቺ ጨርቅ ሻጭ» እየተባልኩ ነው የምውለው። ወንበሩ ጣፈጠኝ። ደግሞም ለሥራው ከአንተ እሻላለሁ ብዬ አመንኩ። ዌስትላንድስ ያለው ሰውዬ ሁለት ኮምፒውተር ሊሰጠን መጥቶ «ስሜ ፕሮግራሙ ላይ ይውጣ» ስላለ ብቻ አባረርከው፤ ሻይ ጋብዤ የመለስኩት እኔ ነኝ። ዛሬም ከአንተ የተሻልኩ ሊቀመንበር ነኝ ብዬ አምናለሁ። ይህ ግን ወንበሩን የእኔ አላደረገውም።

አንተም ኮዱን ይዘህ ካምፓላ ገባህ። ሕጉ ስለሚፈቅድልህ አልወቅስህም። የምወቅስህ በሌላ ነው። የየሺወርቅ ልጅ ያኤል፣ በትምህርት ቤት ዩኒፎርም የምታውቃት፣ አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብታ የቦርድ አባል ሆናለች። ማተሚያው ላይ ፊደል የሚያጠፋውን ችግር ሦስት ሳምንት ለፍታ አስተካከለችው። ባለፈው ወር ያንተ ዲስክ ከካምፓላ መጣ፤ የእሷ ሥራ አለበት፣ ስሟ የለም። የማንኛችንም ስም የለም።

«አንቲ ሳፊያ፣ ሂ ኒ ዊዚ!» ብላ ያኤል በቦርዱ ስብሰባ ላይ ጮኸች። «ሌብነት ነው! ሳሳ፣ አሁኑኑ ኮዱን እንዝጋው። መጠቀም የፈለገ ይጠቀም፣ ውስጡን ግን ማንም አያይም።»

ቶሎሳ ደገፋት። እናቷ ግን «አንቺ ራስሽ ሥራውን የተማርሽው በማን ኮድ ነው? ተዘግቶ ቢሆን ዛሬ ማን ትሆኚ ነበር?» አለቻት።

«ማሚ፣ አንቺ ስምሽ ሲፋቅ ዝም በይ፤ እኔ አልልም።»

ሁለት ለአንድ ሆኑ። እኔ ከየሺወርቅ ጋር ብሆን እኩል ለእኩል ነው፤ እኩል ሲሆን ደግሞ ሊቀመንበሩ ይወስናል። ስንወጣ የሺወርቅ ክንዴን ይዛ ቀስ ብላ «ሳፊያ፣ የምትወስኚው በማን ወንበር ላይ ሆነሽ ነው?» አለችኝ። ቃለ ጉባኤውን የጻፈችው እሷ እኮ ናት። ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፍም ሥራም የለኝም። ዝም ብል ኮዱን አድነዋለሁ፣ በአንተ ወንበር። ብናገር ወንበሩም ይሄዳል፣ ምናልባት ኮዱም። በየትኛውም በኩል ባዞረው የሚያዋጣ መንገድ አጣሁለት።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ለአርባ ሦስቱም አባላት ጥሪ ላክሁ። የቅዳሜው የቦርድ ስብሰባ ጠቅላላ ጉባኤ ሆኗል፤ ይህን ለማድረግ ሥልጣኑ አለኝ። መጀመሪያ ያንን ቃለ ጉባኤ በሁሉም ፊት አነባለሁ፣ ያደረግኩትንም እናገራለሁ። ቀጥሎ ከወንበሩ እወርዳለሁ። ከዚያ ምርጫ ይደረጋል፤ ስለ ኮዱ ድምፅ የሚሰጠው አዲሱ ሊቀመንበር ከተመረጠ በኋላ ነው።

ያኤል ትወዳደራለች። እኔም እወዳደራለሁ። አዎ፣ ደግመህ አንብበው። ግን የሰው ወንበር ይዛ የቆየችን ሴት ማን ይመርጣል? አንተ መጥተህ ካልተወዳደርክ ያኤል ታሸንፋለች፤ ኮዱም ያኑ ቀን ይዘጋል። ስትመጣ ደግሞ ባዶ እጅህን አትምጣ። የፋቅካቸውን ስሞች ሁሉ መልሰህ ጽፈህ፣ ከያኤል ጀምረህ በጉባኤው ፊት አንብባቸው። እሷ የጠየቀችው ከዚህ የበለጠ አይመስለኝም።

ስብሰባው ፓርክላንድስ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። አሚር ዓርብ ይመለሳል፤ ከኋላው ያለውን መቀመጫ ይዞልሃል። ይቅርታህን ፊት ለፊት ነው የምጠይቅህ። በምርጫው ግን እንድትራራልኝ አልፈልግም፤ እኔም አልራራልህም።

እስከ ቅዳሜ አራት ሰዓት ድረስ ሊቀመንበርህ፣
ሳፊያ