ቁርስ የበሉት ሽማግሌዎች

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ
ጥር 21 ቀን 2018 ዓ.ም

ለልጄ ለሀፊዝ
ዶሃ

አሰላሙ ዐለይኩም የዓይኔ ብርሃን! ደሴ ብርዷን ሳትቀንስ፣ እኔም ምላሴን ሳልቀንስ ደህና አለን፤ አልሀምዱሊላህ። አንተን አላህ ከክፉ ይጠብቅልኝ። ያ ሙቀት እንዴት አድርጎህ ይሆን እያልኩ እዚህ ጋቢ ደርቤ አስብልሃለሁ።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልህ ልጅ ዊዳድ ትባላለች። ለሥራ ወደ እናንተ ዘንድ ልትሄድ መንገድ ላይ እኛ ፔንሲዮን ክፍል ቁጥር ሦስት አደረች። ከሳፊያ ጋር ስትስቅ አምሽታ፣ "እትዬ፣ ለልጅዎ የምወስደው የለም?" አለችኝ። በሶና ድርቆሽ አስያዝኳት፤ ደብዳቤውን ግን ራሴ ነኝ ልብሷ መሀል የምከተው። በስልክ ለምን አልነገርሽኝም እንዳትለኝ። በስልክማ ጀምሬልህ ነበር። "እማ፣ የአባዬ ወንበር ላይ ሰው ልታስቀምጪ ነው?" ብለህ ዘጋህብኝ። ከዚያ ወዲህ "ደህና ነኝ" ከምትል ቁራጭ መልእክት በቀር ካንተ የሰማሁት የለም። የደብዳቤ ደጉ ነገር መሀል ላይ አይዘጋም። ብትቀደው እንኳ ሌላ እጽፋለሁ፤ እናትህን ታውቃታለህ።

በስልክ ልነግርህ የነበረው ሰው አብዱልወሀብ ይባላል፤ ክረምቱ ሲወጣ ነው የመጣው። ቤቱ ኮምቦልቻ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጆቹን ድሮ አሳድጎ የጨረሰ ሰው ነው። እህቱ እዚህ ሆስፒታል ተኝታ ሊያስታምም ቁጥር ስድስትን ያዘ። እህቱ አላህ ይመስገን ዳነች፣ ወደ ቤቷም ገባች፤ ወንድሟ ግን እኛው ጋ ቀረ።

ቤቱ ኮምቦልቻ ሆኖ ደሴ አልጋ የሚከራይ ሰው አይተህ ታውቃለህ? የሐረጎን ቁልቁለት ከወረድክ እኮ ደረስክ። ሰው ሙቀት ፍለጋ ወደዚያ ይወርዳል እንጂ ብርድ ፍለጋ ወደዚህ ይወጣል? እንግዳ መጀመሪያ ወርቅ፣ ቀጥሎ ብር፣ ሲሰነብት ብረት ይሆናል ይባላል። ይኼኛው ግን ቤት ውስጥ ያለውን ብረት ሁሉ ሊጠግን የመጣ ነው። መጀመሪያ የሻወሩን ቦይለር ሠራ፤ እሰየው አልን። ቀጥሎ የቁጥር ሁለትን መስኮት፣ ቀጥሎ የጓሮውን በር። አንድ ቀን ሳፊያ እየሮጠች መጣች። ሳፊያ ያው አንተ የምታውቃት ናት፤ አንድ አልጋ እያነጠፈች የሁሉንም ክፍል ወሬ ትሰማለች።

"እትዬ፣ ኧረ ይኼን ሰውዬ አንድ ይበሉት! ደህናውን ቧንቧ ፈቶ መልሶ እየገጠመው ነው!"

ሄጄ፣ "አቶ አብዱልወሀብ፣ ቧንቧው ምን ሆነ?" አልኩት።

መፍቻውን እንደያዘ ቀና ብሎ፣ "ለጊዜው ምንም አልሆነም። ወደፊት እንዳይሆን ብዬ ነው" አለ።

ወላሂ ልጄ፣ ሳቄን ዋጥ አድርጌ ወጣሁና ኩሽና ገብቼ ብቻዬን ሳቅኩ።

የታፔላውንም ነገር ልንገርህ። "ሀፊዝ ፔንሲዮን" ብሎ አባትህ ባንተ ስም ያጻፈው ታፔላ መብራቱ የጠፋው እሱ በሞተ ሰሞን ነው። አላሠራሁትም። ጨለማው ከልቤ ጋር ስለተስማማ ይሆናል። አብዱልወሀብ ሌላውን ሁሉ ሳይጠይቅ ሲነካካ ከርሞ፣ ታፔላውን ግን ፈቃድ ጠየቀኝ። "ልጅዎ አንድ ቀን ሲመጣ ስሙን ጨለማ ውስጥ እንዳያገኘው" አለ። መግሪብ ሰግጄ ስወጣ በርቷል። አስፋልቱን ተሻግሬ ማዶ ቆሜ አየሁት፤ አለቀስኩም። አሁን ስምህ ከታች ከመታጠፊያው ጀምሮ ይነበባል።

ወንበሩን ደግሞ ስማኝ፣ የዘጋህብኝ በእሱ ነውና። የአባትህ ወንበር እንግዳ መቀበያው ውስጥ እንዳለ ነው። ማንም አልተቀመጠበትም። ካፖርቱን የሚሰቅልበት መስቀያም ባዶውን አለ። አብዱልወሀብ የደሴ ብርድ ሲያንቀጠቅጠው ካፖርት ገዝቶ ገባና የሚሰቅልበት ፈለገ። መስቀያውን አየ። ዘበኛችንን ጋሽ ጣሀን፣ "ይኼ የማን ነው?" አለው። "የእትዬ ባል የሟቹ ነው" አለው። ሰውየው ምስማር ለምኖ የራሱን በር ጀርባ መታና እዚያ ሰቀለ። እኔ ይህን ሁሉ ከኩሽናው መስኮት አያለሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ የማየው ጥገናውን ነበር፤ ያን ቀን ሰውየውን አየሁት።

ይኸው ብያለሁ። አሁን ወደ ቅዳሜው ጉድ ልለፍ።

ዓርብ ዕለት አብዱልወሀብ ሻንጣውን ይዞ ኮምቦልቻ ወረደ። "ደህና ሰንብቱ" ብቻ። እንዲህ ነው እንዴ የሚኬደው ብዬ ተናደድኩ። ሳፊያን ያለ ጥፋቷ ተቆጣኋት፤ ድስቱም አረረብኝ። ወደ ማታ ሳፊያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ አንድ ነገር ሹክ አለችኝ፤ ምን እንዳለችኝ ግን አሁን ረስቼዋለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት የፊት ለፊቱ በር ተንኳኳ። "ጋሽ ጣሀ፣ በር!" ብዬ ተጣራሁ። መልስ የለም። ደግሞ ተንኳኳ። ራሴ ሄጄ ብከፍት፣ በር የሚከፍተው ዘበኛዬ ከውጭ ቆሞ የሚያንኳኳው እሱ ነው! ኮት ለብሷል፤ የማን እንደሆነ አላውቅም፣ እጅጌው እጁን ውጦታል። ከጎኑ መሪጌታ ፈንታሁን ጥምጥማቸውን አሳምረው ቆመዋል። እሳቸው ለዓይናቸው ሕክምና ከተንታ መጥተው ቁጥር አንድ የሰነበቱ ሰው ናቸው፤ ጨዋታቸው ቤቱን ይሞላዋል። ሦስተኛው የሱፍ ነው፣ ያ ከባቲ ጨርቅ ይዞ ሲመጣ ከእኛ በቀር ሌላ ቤት የማያድረው ነጋዴ። ሦስቱም ሲነጋ እዚሁ ግቢ ውስጥ ነበሩ። በጓሮ በር ወጥተው ዞረው በፊት በር መምጣታቸው ነው።

"ቤቶች!" አሉ መሪጌታ፣ ከሩቅ አገር እንደመጣ ሰው።

"ግቡ" አልኩ፤ ሌላ ምን ይባላል? ሳሎን አስቀመጥኳቸው። ሰዓቱ ደግሞ የቁርስ ሰዓት ነው። እንግዳ ማረፊያ ቤት ውስጥ ሰው ጠረጴዛ ከቦ ከተቀመጠ እጄ ራሱ ነው ሳህን የሚያነሳው። ጨጨብሳውን አቀረብኩ። የሱፍ "ቢስሚላህ" ብሎ ጀመረ። መሪጌታም ባርከው ቆረሱ። ጋሽ ጣሀማ እጅጌውን ሰብስቦ ነው የገባበት።

ትንሽ እንደበሉ መሪጌታ አፋቸው ሙሉ እንደሆነ ቀጥ አሉ።

"በስመ ሥላሴ! ጣሀ፣ ምን እያደረግህ ነው?"

"እየበላሁ ነዋ፣ መሪጌታ።"

"ሽማግሌ እኮ ነን!"

የየሱፍ እጅ ሳህኑና አፉ መሀል ቀረ። "ወላሂ ረስቸው!" አለ። "በየቀኑ እዚሁ ወንበር ላይ እየተቀመጥሁ የምበላው፣ ሽማግሌነቴን ከየት ላስታውሰው?"

እንግዲህ ልጄ፣ ለጋብቻ የሄደ ሽማግሌ መልስ ሳይሰማ ከዚያ ቤት እህል ውሃ እንደማይቀምስ አንተም ታውቃለህ። ቀመሰ ማለት ነገሩ አለቀ ማለት ነው። የሱፍ ነጋዴ አይደል፣ ወዲያው አተረፈባት። "እንግዲያውማ አለቀ! አብልታናለች፤ ሰጥታናለች!" ብሎ ሊያጨበጭብ ሲል መሪጌታ በዓይናቸው ያዙት። "በስህተት የተበላ እህል ቃል አይሆንም። ተነሱ!" አሉ።

ተነሡ። እጃቸውን ታጠቡ። ወጥተው በሩን ከውጭ ዘጉት። እንደገና አንኳኩ። እንደገና ከፈትኩ። ሳፊያ ከደረጃው ላይ ሆና መጥረጊያዋን ነክሳ ትስቃለች። አሁን አንቀመጥም ብለው ቆሙና መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ወይዘሮ ዘይቱና፣ ልኮን የመጣነው አብዱልወሀብ ነው። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ እነዚህ እስላሞች ናቸው፤ ሦስታችንም የምንመሰክርለት ግን አንድ ነገር ነው። ይህ ሰው የሰው ቤት እንደ ቤቱ የሚጠብቅ ነው። ቤትዎን አይቶታል፣ እርስዎንም አይቷል። እንደ ወጉ ቢሰጡን ብለን ቆመን እንለምናለን።"

ጋሽ ጣሀ ደግሞ፣ "እኔ ዘበኛ ነኝ እትዬ፣ መጥፎ ሰው በር ላይ ነው የማውቀው" አለ።

ምን ልበል? ሃምሳ ዓመት የሞላኝ ሴት እንደ ኮረዳ ነጠላዬን ነከስኩ። ከዚያ ግን አንተ ትዝ አልከኝና ቀና አልኩ። "አክብራችሁኛል። ግን የእኔ ወሊ፣ ለጋብቻ ቃል የሚሰጥልኝ፣ ልጄ ነው። ሀፊዝ እሺ ሳይል መልስ የለኝም" አልኩ።

"ደግ ብለዋል" አሉ መሪጌታ። "እንግዲያው የልጁ ቃል እስኪመጣ ድረስ እኛም ከዚህ ቤት እህል ውሃ አንቀምስም።"

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። የሚውሉት የሚያድሩት እዚሁ ነው! የዓይናቸው ቀጠሮ ያላለቀው መሪጌታ ክፍላቸውን ዘግተው ቆሎ ሲቆረጥሙ በግድግዳ ይሰማኛል። የሱፍ ጨርቁን ሸጦ ከጨረሰ ሰነበተ፤ "ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይጨርስ አገር አይለቅም" ብሎ ባቲ አልመለስ ብሏል፣ ጠዋት ጠዋት ማዶ ካለው ምግብ ቤት ይበላል። ጋሽ ጣሀ ቁርሱን ከቤቱ በሳህን ቋጥሮ እያመጣ ከበሩ ውጭ ቆሞ ነው የሚበላው። መንገደኛው ሁሉ፣ "ዘይቱና ዘበኛዋን አባረረችው እንዴ?" ይላል። ወሬው ሆጤ ሰፈር ድረስ ደርሷል። ትናንት ገበያ ያደረሰኝ የባጃጅ ልጅ እንኳ፣ "እትዬ፣ ሀፊዝ መለሰ?" አለኝ። "አብሽሪ፣ ይመልሳል" ብሎ ደግሞ ራሱ አጽናናኝ።

አብዱልወሀብም መልስ ሳይሰማ ደሴ አይወጣም፤ ወጉ ነው። ቦይለሩ ከትናንት ወዲያ ተበላሸ። እንግዶቹ በቀዝቃዛ ውሃ እየጮኹ ይታጠባሉ። የሱፍ ጠጋኝ ላምጣ አለኝ፤ ማንም እንዳይነካው አልኩ።

ሀፊዝ፣ አባትህን ወድጄው ኖሬያለሁ። አሁንም ወንበሩን ስወለውል አንዳንድ ነገር አጫውተዋለሁ፤ የቅዳሜውንም ነግሬዋለሁ። እሱ ቢሆን ከሳቁ ብዛት ከወንበሩ ይወድቅ ነበር። እኔ ሰው አጥቼ አይደለም። ይህ ቤት ሰው ጠፍቶበት አያውቅም፤ አንዱ ሲወጣ አንዱ ይገባል፣ ስቀው አስቀውኝ ያድራሉ። ግን ሁሉም ነገ የሚሄድ ነው። ጠዋት አልጋውን ገፍፌ፣ አንሶላውን አጥቤ፣ ለሌላ ሰው አነጥፋለሁ። ልጄ፣ የማይሄድ ሰው አማረኝ። ይኸው ነው፣ ሌላ የለኝም።

እምቢ ካልክ አልቀየምህም፤ እናት በልጇ አትቀየምም። ሽማግሌዎቹን አመስግኜ እሸኛለሁ፣ ቦይለሩንም ሌላ ሰው ይሠራዋል። እሺ ካልክ ግን ረመዳን ሳይገባ ኒካሁ ይታሰራል፤ አንተም በስልክ ወክለህ ድምፅህን ታሰማናለህ። ረጅም ነገር አትጻፍልኝ። ከዚያች "ደህና ነኝ" ከምትለዋ መልእክትህ ሥር "ሽማግሌዎቹ ይብሉ" በልልኝ። ይገባኛል።

አላህ እጅህን ይባርክልኝ። የሰው አገር ይመችህ። ስምህ እንደ ታፔላው ይብራ፤ ያሳደገህ ቤት ሞልቶ ይጠብቅህ። አሚን።

እናትህ ዘይቱና

ሳፊያ ካላነበብኩት ብላ ደብዳቤውን ነጥቃኝ ነበር። ጨርሳ፣ "እትዬ፣ ማሩን ዘለሉት" አለችኝ። እውነት ነው፣ የእኛ ቤት ቁርስ ዘወትር ፍርፍርና ሻይ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጨጨብሳው፣ ለጋ ቅቤውና ያ ሁሉ ማር እንዴት ጠረጴዛው ላይ ተገኘ ብትለኝ፣ የዓርብ ማታውን ሹክሹክታ ረስቼዋለሁና አላህ ይወቀው እላለሁ። ማሩ አላለቀም። ከድኜ አስቀምጬዋለሁ።