ለድንጋይሽ ያወጣሁት ስም

ይድረስ ግሪንላንድ በሚባለው የበረዶ አገር ድንጋይ ለምትመረምረው ልጄ ለእስከዳር።

እንደምን ከርመሻል? ያ ብርድ ሲነካው የሚደማው አፍንጫሽ እንዴት ነው? ድንኳናችሁስ ነፋሱን ይችለዋል? ጀምበር አትጠልቅም ባልሽው አገር እንቅልፍ ይወስድሻል ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከወገቤና ከሰው ምላስ በቀር ያመመኝ የለም። የጤፉ ማሳ ለስልሷል። ላሟም ወልዳለች፤ ጥጃው እንደ አባትሽ ዘመዶች ግንባረ ሰፊና ግትር ነው።

ይህን የጻፍሁት በገዛ እጄ ነው። ከጎረቤታችን ከጤናዬ ጋር የጎልማሶች ትምህርት ስገባ "መቃብርሽ ላይ የሚጻፈውን ልታነቢ ነው?" ብለው የሳቁብኝ ሁሉ ዛሬ ደብዳቤ ሲመጣላቸው እኔ ቤት ነው የሚመጡት። ወንድምሽ ምስጋናው በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል።

የላክሽው ፎቶ ደርሶናል። በነጭ ሜዳ መሀል ጥቁር ድንጋይ ጉብ ብሎ ባይ "ይኼማ የዓባይ በረሃ ነው፤ ጠዋት ጉም ሞልቶት ነው። እስከ ሦስት ሰዓት ትቆይና ጉሙ ሲገፈፍ ታንሳው" አልሁ። ጤናዬም "አዎ፣ ከሥሩ መኪና መንገድ አለ" ብላ ጣቷን ፎቶው ላይ ሰካች። ምስጋናው እንባው እስኪመጣ ሳቀብን። ነጩ በረዶ እንደሆነ፣ ውፍረቱም ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ ያለውን ቁልቁለት እንደሚያህል፣ ድንጋዩም ከሥር የተቀበረ የትልቅ ተራራ ጫፍ እንደሆነ ነገረን። ከአዳም ልጅ በረዶው ሲገፈፍ ያየ የለም አሉ። "ሰው እንኳ ቂሙን ይህን ያህል ዘመን አያቆይም" ብል ጤናዬ "አንቺ አለሽ አይደል?" አለችኝ።

ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። ባልደረቦችሽ ድንጋዩን በቁጥር ብቻ ስለሚጠሩት፣ ከዚያ ከመነሳታችሁ በፊት መጥሪያ ስም የማውጣቱ ተራ ደርሶሽ "እናቴ ታውጣልኝ" ማለትሽን ሰማሁ። በዕድሜዬ ስም አውጪ ያለኝ ሰው አልነበረም። የሁለታችሁን ስም እንኳ ያወጡት የአባትሽ ወገኖች ናቸው።

አጎትሽ አገኘሁ ወሬውን ሰምቶ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከተፍ አለ። ገና ሳይቀመጥ "ታረቀ ይባል። የወንድሜ ስም በዓለም ይጠራ" አለ። የተጠየቅሁት እኔ ነኝ ብዬ ብመልስለት "አንቺ ደግሞ ምን ስም ታውቂያለሽ?" አለኝ። ምስጋናውም አጎቱን ፈርቶ "ታረቀ" ብሎ ልኮልሻል። ያንን ተይው። አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ስሙ መቃብሩ ላይ ተጽፎለታል፤ አንድ ድንጋይ ይበቃዋል።

ሥራነሽ እንዳትይውም። እሱ የእኔ ስም አይደለም። በአሥራ አራት ዓመቴ ከደብረ ኤልያስ ተድሬ ስመጣ እንደ ወጉ አማቴ የሙሽራ ስም አወጡልኝ። ሥራነሽ አሉኝ፤ ቃላቸውንም ጠብቀው እስኪሞቱ አሠሩኝ። አርባ ስምንት ዓመት አባቴ ባወጣልኝ ስም የጠራኝ የለም። ወላጆቼ ሲሞቱማ የሚያውቀውም ጠፋ። ለእናንተ ያልነገርሁት በእልህ ይሁን በእፍረት እንጃ። መምህሯ "ስማችሁን ጻፉ" ስትለን ግን እጄ ሥራነሽን አልጽፍም አለኝ። ጤናዬ አጮልቃ "ይኼ የማን ነው?" ብትለኝ ደብተሩን ከደንሁባት።

አይናለም ነው። ድንጋዩን አይናለም በሉት። ፈረንጆቹ ምላሳቸው ቢተሳሰርም እስኪለምዱት ደጋግመሽ አስጠሪያቸው። የማን ስም ነው ቢሉሽ የእናቴ ነው በይ። አገኘሁ ይቆጣ እንደሆነ ይቆጣ፤ ክረምት ነው፣ ዝናቡ ያበርደዋል።

እዚህ ላይ ስደርስ ብዕሬን አስቀምጬ ወጣሁና ጤናዬን በአጥሩ ላይ ጠርቼ ነገርኋት። "ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ሥራነሽ ስልሽ ምን ብለሽ ነው አቤት የምትዪኝ!" ብላ ተቆጣችኝ። ከዚያም ሰፈሩን በሚያናጋ ድምፅ "አይናለም!" ብላ ተጣራች። ውሻው ሳይቀር ዞሮ አየኝ። አቤት አልኋት።

ምስጋናው ይቅርታ ብሎሻል። ሚስቱ ዘመናይ በናፍቆት ትስምሻለች። ልጃቸው ሂዊ ከበረዶው ቁራጭ በኪስሽ ይዘሽላት እንድትመጪ አዛለች። ጤናዬ ጉንጭሽን ስማሻለች። አገኘሁም ሰላም ብሎሻል፤ ደብዳቤውን ግን አላየውም።

እናትሽ አይናለም
ደጀን፣ ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.