ጉዳዩ፦ «እማ ናዳ» የሚለውን ስም ውርስ ስለማሳወቅ

ለሀዋ፣ ለልጄ እናት፣ ለሐይቅ ከተማ የባጃጅ ሹፌር፤ ካለሽበት።

ውጫሌ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ በመጻፍ የሚተዳደረው ባልሽ ይማም፣ እንደ ልማዱ ጉዳዩን ከላይ አስቀምጦ ከታች ማልቀስ ሊጀምር ነው። ታገሺኝ። የሰው አቤቱታ ስጽፍ በሁለት መስመር ዳኛ አስለቅሳለሁ፤ የራሴ ሲሆን ሰላምታው ላይ ቆሜ ቀረሁ። አሰላሙ አለይኩም ብዬ ጀመርኩና መልስሽ እስኪመጣ ስጠብቅ ሻዬ ቀዘቀዘ።

ከተለየሽን ሁለተኛው ክረምት ገባ። ባለፈው ክረምት ዝናቡ ሲጠና ጃንጥላ ይዤ ወደ መቃብርሽ ለመሄድ ተነስቼ ነበር፤ ጎረቤት አብዷል እንዳይለኝ ከደጅ ተመለስኩ። ዘንድሮ አልተነሳሁም። «ተሻለው» ይሉኛል። መሻል ማለት ይህ ከሆነ እንግዲህ ተሽሎኛል።

የቤቱን ሁኔታ ላሳውቅሽ። ጣሪያው አሁንም ያፈሳል፤ ባልዲውም አንቺ ያስቀመጥሽበት ቦታ ነው። ነጃት ሁለት ጥርሷ ወልቆ አንዱ ተተክቷል፤ ሌላው እንደ ፍርድ ቤት ቀጠሮ እየተራዘመ ነው። ጸጉሯን የምሠራላት እኔ ነኝ። ትምህርት ቤት ስትደርስ አስተማሪዋ ፈትታ እንደ አዲስ እንደምትሠራት የሰማሁት በቅርቡ ነው። እስከዚያ ድረስ ማታ ማታ የምትመለሰውን ልጅ እያየሁ በእጄ ሥራ ስኩራራ ከርሜያለሁ።

ባጃጅሽን በተመለከተ፣ የደብዳቤው ዋና ጉዳይ እሱ ስለሆነ ወደ ኋላ ልመለስና ከሥሩ ልጀምር።

አንቺ የትምህርት ቤቱን መጻሕፍት ቤት በምትጠብቂበት ጊዜ፣ ከውጭ አገር በእርዳታ የመጣ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ የሥዕል መጽሐፍ ነበር፤ ኮሚክ የሚሉት። እንግሊዝኛው ለማንም ስላልገባ ጥግ ላይ የአይጥ መኝታ ሆኖ ቀርቶ ነበር። አንድ አንዱን በጨርቅ እየጠረግሽ ቤት ታመጪ ጀመር። እኔ ሳጭሽ እንግሊዝኛ አውቃለሁ ብዬሽ ስለነበር ያለ ውድድር አስተርጓሚ ሆንኩ። የማላውቀውን ቃል ከራሴ እሞላለሁ። አንዱ ጭራቅ ከተማ ሊያቃጥል ሲዝት «የቤትሽን ካርታ ካላመጣሽ አላስተናግድሽም ነው የሚላት» አልኩሽ። አንቺም «እንዲህማ ከሆነ የእኛው አገር ሰው ነው» አልሽ።

ሴቶቹን ጀግኖች ስታዪ ግን አስተርጓሚ አላስፈለገሽም። አንዷን በውስጥ ልብስ ብቻ ሰማይ ላይ ስትበር አይተሽ፣ «ይቺ በዚህ አለባበሷ ውጫሌ ገበያ ብትወርድ፣ ከሌባው በፊት ሳንባ ምች ይጥላታል» አልሽ። ሌላዋ ደረቷ ላይ የለጠፈችው የወንዱን ጀግና ምልክት ነበር። «የወንድሟን ሹራብ አጥባ ነው እንዴ የለበሰችው?» ስሟም የእሱ ነው፣ መጨረሻው ላይ «ልጅቱ» የሚል ተቀጥሎበት። ሽበት ብታበቅልም ልጅቱ ናት። «ይማም፣ ወንዱ የሴቷን ስም የሚወርሰው ስንተኛው ክፍል ላይ ነው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ገጽ ገልጬ የፈለግሁ መሰልኩ።

ከዚያ ያቺን ባለ ጭንብሏን አገኘሽ። በአንዱ መጽሐፍ ጠይም ነች፣ በሌላው ቀይ፤ ጭንብሉ ያው፣ ልብሱ ያው። እኔ በሙሉ ልብ «ፊቷን ተቀብታ ነው» አልኩ። አንቺ መጻሕፍቱን ወለሉ ላይ ደረደርሽ፣ አንዱን አነሳሽ፣ ሌላውን አስቀደምሽ። አንዱ ውስጥ ጠይሟ ሳጥን ውስጥ ተኝታለች። ከእሱ በኋላ የመጣችዋ ቀይዋ ጭንብሉ ሰፍቷት በአንድ እጇ ደግፋ ይዛዋለች። «ሞታ ነው። ስሟን አንስታላት ነው» አልሽና ስሟን ማንበብ ለማንችል ሰው አለቀስሽ።

እኔ ተናደድኩ። ይቺ እሷ አይደለችም፣ ምትክ ናት፣ ይህ በአንባቢ ላይ የተፈጸመ ማጭበርበር ነው ብዬ የይግባኝ ያህል ተናገርኩ። አንቺ ዓይንሽን ጠረግሽና፣ «ስሙ ሥራ ነው ይማም። ሰው ሲሞት ሥራው ሜዳ ላይ ይቅር ነው የምትል?» አልሽኝ። ምግብ እስኪቀርብ ስንከራከር ቆየን። ምግቡም ቀርቦ ተከራከርን።

ባጃጁን የያዝሽ ጊዜ ነው ነገሩ የባሰው። በአገራችን ጀግና ሁሉ የፈረስ ስም ነበረው፣ አባ እንትና እየተባለ። ሴቷ ለፈረሱ ሣር ታጭዳለች እንጂ ስም አይደርሳትም። «እኔም ባጃጅ አለኝ። እግሩ ከፈረስ በአንድ ቢያንስ ነው» ብለሽ ከኋላው በቀይ ቀለም «እማ ናዳ» ብለሽ ጻፍሽበት። ታሪኳንም ሣልሽ። የመጀመሪያዋ እማ ናዳ የአምባሰል ገደል ላይ በገመድ ወርዳ ማር የምትቆርጥ ሴት ናት፤ ባሏ እወርዳለሁ እያለ ማለዳ ማለዳ ወገቡን የሚያመው። ባልየውን አውቄዋለሁ። በዚያው ገመድ እየተንሸራተተች ሚዛን የሚሰርቅ ነጋዴ ላይ፣ ማኅተም ኪሱ ከቶ የሚሰወር ሹም ላይ እንደ ናዳ ትወርድበታለች። ስትሞት ገመዱንና ስሙን አንዲት የአርዲቦ ዓሣ ሻጭ አነሳችው። ከእሷ በኋላ የክርስቲያን ልጅ መጣች፣ እሮብና ዓርብ እየጾመች የምትደባደብ።

አንቺ ትስያለሽ፣ ከአፋቸው የሚወጣውን ቃል እኔ እጽፋለሁ። ሉኩን በላስቲክ ለብጠሽ ከመቀመጫሽ ጀርባ ለተሳፋሪ ሰቀልሽው። ከመናኸሪያ እስከ ሐይቁ ዳር አንድ ሉክ ይነበባል። ሰው ባጃጅ «ቀስ በይ» ሲል የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። እትዬ አስካለ ወደ እስጢፋኖስ መሳለሚያ ሲሄዱ፣ «ሳልጨርስ አልወርድም» ብለው መንገድ ዳር ያቆሙሽ ነበር። ቀስ በቀስ በከተማው ሀዋ የሚልሽ ሰው ጠፋ። እናትሽ እንኳ «እማ ናዳ ምሳ በላሽ?» ይሉሽ ጀመር።

ከዚያ ጎንሽን አመመሽ። ደሴ ስንመላለስ ያለውን አልጽፈውም፤ አንቺ ነበርሽበት። መጨረሻ ላይ አልጋ ውስጥ ሆነሽ አንድ ሉክ ሣልሽ። የክርስቲያኗ ልጅ ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጣ ገመዱን አጠገቧ አስቀምጣለች። ቃሉን እንድጽፍ ሰጠሽኝ። ረዥም የጀግና ንግግር ጻፍኩላት፣ አገር የሚያስነሳ። አንብበሽ ጎንሽን ይዘሽ ሳቅሽ፤ «አጥፋው። ደክሞኛል ትበል፣ በቃ» አልሽ። አጠፋሁት። «ደክሞኛል» ብዬ ጻፍኩ። በዚያው ሳምንት ሄድሽ።

ባጃጁን ግቢ ውስጥ ሸራ አለበስኩት።

የዓመቱ ሰደቃሽ ካለፈ በኋላ አጎትሽ አያ ሙሄ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው መጡ። የሁለቱ ሥራ ራስ መነቅነቅ ነበር፤ በሚገባ ተወጡት። አያ ሙሄ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ነጃት እናት ትፈልጋለች፣ ቤቱም ሴት። ሰዓዳ የሀዋ እህት ናት። ያው ደም፣ ያው ቤት፤ ባዕድ ከሚገባ» አሉ። እኔ ያቺ ጭንብል የሰፋት ልጅ ታየችኝ። እህትሽ ሻይ ይዛ ስትገባ ሰምታለች። ብርጭቆውን አስቀመጠችና፣ «አያ ሙሄ፣ እኔ ከእህቴ ፍራሹን አይደለም የምፈልገው፣ ቁልፉን ነው» አለች። አንዱ ሽማግሌ ራሱን መነቅነቁን ረስቶ «የምኑን ቁልፍ?» አለ። «የባጃጁን።» ሻዩን ሳይነኩት ወጡ።

ሲወጡ ቁልፉን እሰጥሻለሁ አልኳት፣ ግን መጀመሪያ ስሙን በቀለም አጠፋዋለሁ። «ስሙ ከሌለ ምኑን ልንዳው ጋሼ፣ ብረት ነው።» ያ ስም የሰው ነው አልኳት። «የማን?» አለችኝ። ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። ስሙን ለሌላ ከሰጠሁ አንቺን ሁለተኛ የምቀብርሽ በእጄ ነው ብዬ አመንኩ።

አሁን ወደ ማክሰኞው ልምጣ። ውጫሌ ነኝ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አንዲት አሮጊት ከሐይቅ መጥተው የድንበር ክስ ያጽፉኛል። በዚህ ዝናብ እንዴት መጡ አልኳቸው፣ ለወጉ። «እማ ናዳ ናታ መናኸሪያ ያደረሰችኝ፣ አላህ ይስጣት። ወንዱ ሁሉ ጎርፍ ፈርቶ ቆሞ እሷ ሰንጥቃው አለፈች።»

እጄ ቆመ። ሀዋ፣ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ኖርሽ። አልገረመኝም እንኳ። «ጃኬቷን ይዛ ወጥታ ይሆን?» ብዬ አሰብኩ። ማታ ስገባ ስለ አሮጊቷ የምነግርሽን ቀልድ ሳይቀር አዘጋጀሁ። አሮጊቷ «ጻፍ እንጂ ልጄ» አሉኝ፤ ያኔ እንደገና ሞትሽ።

ነገሩን ኋላ አጣራሁ። ለካ ጠዋት እኔ ሚኒባስ ስሳፈር ሰዓዳ በሁለተኛው ቁልፍ ባጃጁን ታወጣለች፤ ማታ ሳልመጣ ሸራውን መልሳ ታለብሳለች። የተራ አስከባሪው ሥራ የእኔን ሚኒባስ አይቶ ስልክ መደወል ነው። ቁልፉን ያቀበለቻት ነጃት ናት። አንድ ከተማ ሙሉ አንድን ሰው ለመዋሸት ተስማምቶ ከርሟል። ለውኃ መስመር እንዲህ ቢተባበሩ ኖሮ ጓሯችን ድረስ በደረሰልን ነበር።

በዚያው ማክሰኞ ማንም ሳይደውል ቀድሜ ሐይቅ ገባሁና መናኸሪያው ላይ ቆምኩ። መጣች። እስከ ጉልበቷ ጭቃ፣ ጃኬትሽ ሰፍቷት እጅጌውን ጠቅልላዋለች። የምናገረውን ከውጫሌ ጀምሮ በአንቀጽ በአንቀጽ አዘጋጅቼ ነበር። «ጋሼ፣ ስድብህን ቶሎ ጨርስ፤ ተሳፋሪ አለኝ» አለችኝ። ከኋላ የተቀመጡት እትዬ አስካለ ናቸው። ራሳቸውን አወጡና፣ «ይማም፣ እሷን ተዋት። ይልቅ የእማ ናዳ ነገር የት ደረሰ? ልጅቱ አፋፉ ላይ ደክሞኛል ብላ ተቀምጣ ቀረች እኮ። ሁለት ክረምት ሙሉ ዝናብ ይመታታል። ምነው ሰው የላትም?» አሉኝ።

ያዘጋጀሁት አንቀጽ ሁሉ ጠፋኝ። ገብቼ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ሰዓዳ ቀስ ብላ ነዳች። ያቺን ሉክ እያየሁ እስከ ሐይቁ ዳር ሄድኩ፤ እትዬ አስካለም ነጠላቸውን አቀበሉኝ።

በማግስቱ አራተኛዋ እማ ናዳ ተሣለች። የሣለቻት ሰዓዳ ናት፤ ሥዕል አትችልም፣ ገመዱ እባብ መስሏል፣ የአምባሰል ተራራም እንደ ክምር ድርቆሽ ተጎልቷል። ቃሉን ግን እኔ ጻፍኩት። አዲሷ ልጅ ጎንበስ ብላ የተቀመጠችውን፣ «አንቺ እረፊ፣ ገመዱን እኔ እይዘዋለሁ» ትላታለች። አያ ሙሄንም ሄጄ አነጋገርኳቸው። ስሟ ለወራሽ ተላልፏል፣ አልጋዋ ግን በውርስ አይተላለፍም አልኳቸው። «ይሄ ደግሞ የምን ሕግ ነው?» አሉኝ። የእኔ ነው አልኩ። ትከሻዬን ነክተው «አብሽር» አሉኝ።

እንግዲህ ክርክሩን ረትተሻል። ሥራው ሜዳ ላይ አልቀረም። ይግባኝ የለኝም።

አንድ ነገር ግን ያኔ ሁለታችንም አላየንም። ቀይዋ ጭንብሉን ካጠለቀች በኋላ የጠይሟን የቤት ስም የሚያነሳ ሰው በመጻሕፍቱ ውስጥ አንድም አልነበረም። አሁን ሐይቅ ላይ «እማ ናዳ መጣች» ሲሉ ከመታጠፊያው ብቅ የምትለዋን ማለታቸው ነው። ትክክልም ናቸው።

ስለዚህ ተካፈልን። እማ ናዳን ለከተማው ሰጠሁ፤ ሀዋን አስቀረሁ። ሎሚ በጨው ስትበላ አንድ ዓይኗን የምትጨፍነውን። ስትናደድ በአያቴ ስም የምትጠራኝን። እንቅልፏ ሲመጣ ወሬ ጀምራ መሀል ላይ ጥላኝ የምትሄደውን። ያቺ ማንንም ከጎርፍ አላወጣችም፣ የሚሥላትም የለም። እሷን እንዳልረሳ ለራሴ ሥራ ሰጥቻለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ወደ ውጫሌ ከመውጣቴ በፊት እቤት ውስጥ አንድ ጊዜ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ሀዋ» እላለሁ፣ ካልሲዬ የት እንዳለ እንደምጠይቅሽ አድርጌ። ነጃት ለምዳዋለች። ምላስ እስካለኝ ድረስ ይህን አላቋርጥም፤ ቃሌ ነው።

አንድ ጠዋት ግን ሳልጠራሽ ከረፈደ፣ ረሳኝ እንዳትይ። ጠጋ በይልኝ።

ባልሽ ይማም