አርቢው ማነው?

ውድ ወንድምአለም፣

ስምህ አልተጻፈም። ዙሪያ ጥምጥም መሄድ እንደማልችልበት ታውቃለህ። መጀመሪያ ላይ የነገርኩህ እስከ መጨረሻው ተስፋ አድርገህ እንዳታነብ ነው።

የሄድክ ቀን በሩ ላይ ቆመህ «የውርንጭላው ወረቀት ላይ አርቢ ተብሎ ስሜ የተጻፈ ቀን ጥሩኝ፤ እስከዚያ የዚህን ሰፈር አፈር አልረግጥም» አልክ። እኔም ቀላል መስሎኝ «እሺ» አልኩ። ድንጉላውን ፈረስ የመረጥከው አንተ፣ ባዝራዋን ወስደህ ያስጠቃሃት አንተ። ያ ባለ ጓንቱ አሠሪህ «መካን ናት፣ ገለባ ፈጅ!» ብሎ በደሞዝህ ፋንታ ሲጥልልህ፣ ሰፈሩም ሲስቅብህ፣ ሆዷን ዳብሰህ «ቆይ ብቻ» ያልከው አንተ። ታዲያ አርቢው ማን ሊሆን ነው፣ አክስቴ ናት?

የፈረስ መዝገብ ቤት ስገባ መዝጋቢዋ መነጽሯን ጠረጴዛው ላይ ትፈልጋለች። «ግንባርሽ ላይ ነው» አልኳት። አልወደደችኝም።

«አርቢ ማን ልበል?»

«ወንድሜን።»

«ባዝራዋ የተጠቃች ቀን የማን ነበረች?»

«የአሠሪው። በኋላ ነው ለወንድሜ የሰጠው።»

«እንግዲያው አርቢው አሠሪው ነዋ።»

«ምን?»

«እናቲቱ ስትጠቃ ባለቤቷ የነበረው ነው አርቢ የሚባለው። ደንቡ ነው፣ የኔ እህት። ወንድምሽን ባለቤት ብዬ እጽፈዋለሁ።»

«የተወለደው እኮ እኛ ጓሮ ነው! እናቱ በእርግጫ ስታባርረው በጡጦ ያሳደግኩት እኔ ነኝ!»

«እሱ አሳዳጊ ነው።»

«በቃ አሳዳጊ ብለሽ ጻፊያ!»

«ለእሱ ቦታ የለውም።»

ጠረጴዛዋን ነረትኩት። የሰፈራችን ሰው የሆነው ዘበኛ በክንዴ ይዞ አስወጣኝ። «አንቺ ልጅ፣ ትምህርት ቤትም እንዲህ እያደረግሽ ነው የተውሽው?» አለኝ። እሱ ደግሞ ምን አገባው!

በዚያው ንዴቴ ባለ ጓንቱ ጋ ሄድኩ። በአንቱታ ነው የጀመርኩት፣ እማዬ ትሙት።

«ጋሼ፣ ባዝራዋን ሳትጠቃ በፊት ለወንድሜ ሰጥቼው ነበር ይበሉልኝ።»

ጓንቱን ጣት በጣት እያወለቀ ሳቀ። «ውሸት ልፈርም? ደግሞ ውርንጭላው አምሮበታል አሉ። ከኔ ጋጣ የወጣ እንዲህ ነው።»

«መካን ናት ያልከው አንተ አይደለህም?» አንቱታው እዚያ ላይ አለቀ።

«አሳዳጊ የበደለሽ!»

«አሳዳጊማ ቦታ የለውም ተብያለሁ!» ብዬ የውሃ ባልዲውን ጫማው ላይ ደፋሁበት። ለትንሽ ደስ አለኝ። መንገድ ላይ ግን ነገሩ ገባኝ። ሰውየው እኮ አልዋሸም። ቢዋሽ እታገለው ነበር። እውነት ይዞ ከቆመ ሰው ጋ በምን ልማታ?

እማዬ ደጅ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «ተጻፈ?» አለችኝ። ፊቷን ብታየው አንተም ትዋሽ ነበር። «ተጻፈ» አልኳት። ወዲያው ብርድ ልብስህን ከሳጥን አውጥታ ዘፈዘፈችው። «እሁድ ይደርሳል፣ ቢዘገይ ሰኞ» እያለች ለብቻዋ ታወራለች።

አንተንም ልዋሽህ አስቤ ነበር። ግን መጥተህ ወረቀቱን ታየውና ተመልሰህ ትሄዳለህ። የመጀመሪያውን መሄድህን እማዬ ችላዋለች፣ ሁለተኛውን አትችለውም።

ና አልልህም። ሁለታችንም የአንድ እናት ልጆች ነን፣ እልህህን አውቀዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ። ይህን ደብዳቤ ለሚያመጣልህ ለጭድ ጫኙ ሹፌር ያልመጣህበትን የሆነ ሰበብ ንገረው፣ ለእማዬ ያድርስልህ። ሥራ በዛብኝ በል፣ አሞኛል በል፣ የፈለግከውን በል። እኔ የምላትን ጨርሻለሁ።

አሁን ብርድ ልብስህን ጨምቃ ገመድ ላይ እያሰጣችው ነው። ሳይደርቅ ሰበብህ ይድረስልኝ።

እህትህ