ቀዩ ቅርጫት ውስጥ ያለው ከሰል

ልጄ፣
ከሐይቁ ስትመለሺ አታገኚኝም፤ አጎትሽ ቤት ሄጃለሁ። ዛሬ ሥራሽን ሊያዩ ለሚመጡት እንግዶች ከእምቦጭ የሠራሽውን ከሰል ስታቀጣጥዪ ከቀዩ ቅርጫት ብቻ ውሰጂ። ጣራው ላይ የተሰጣውን እንዳትነኪ፤ ገና ነው።

ትናንት ጎረቤት ፊት ሲጨስብሽ «ይሄስ ለትንኝ ማባረሪያ ይሆናል» ብዬ ያሳቅሁብሽ እኔ ነኝ። ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ እንደሆነ ግን ገና ሳየው አውቄ ነበር።
አልነገርኩሽም።

ሠላሳ ዓመት የእንጨት ከሰል ስሸጥ ደጃችን የቆመ ሁሉ የሚጠራው እኔን ነበር። አሁን እኔው በሩን ስከፍት «የእምቦጯ ልጅ አለች?» ይሉኛል። ምን እዋሻለሁ፣ በዚህ ዕድሜዬ ቀናሁብሽ።

ዛሬ ጠዋት ተንተርሼው የኖርኩትን ዕውቀት አወጣሁልሽ። ከሰሉን ሁለት ሁለቱን እያጋጨሽ ስሚው፤ እንደ ሸክላ የጮኸው ደርቋል፤ ድምፁ የታፈነው አልደረቀም። በቀዩ ቅርጫት ያለውን አንድ በአንድ የለየሁት እንዲህ ነው።

እንግዶቹ ማን አስተማረሽ ቢሉሽ የፈለግሽውን በይ።

ፔርሙሱ ውስጥ ሻይ አለ። ያፈላሁት ባንቺ ከሰል ነው።
አልጨሰም።

አክስትሽ