ከመቀመጫዋ ሥር የነበሩት መፍቻዎች

አዋሽ፣ እሑድ ግንቦት 8 ቀን 1974 ዓ.ም.

ዛሬ ራሴን ያልሰደብኩት ስድብ የለም። ከጠዋት ጀምሮ ከአባቴ አሮጌ የእንግሊዝ ሞተርሳይክል ጋር ስታገል ዋልኩ። ስንት ዓመት ዶሮ ሲያድርባት የኖረች ናት። አባቴ ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ «ድምጿን አንዴ ልስማ» እያለ ቢያስቸግረኝ ነው የማላውቀው ሥራ ውስጥ የገባሁት።

የባቡር ጣቢያው ጋራዥ ሹም ጋሽ ታደሰ መፍቻ አዋሰኝና «ብሎን ሁሉ ያው ብሎን ነው» አለኝ። የባቡሩ መፍቻ የፈረንሳይ ልክ ነው። በእንግሊዝ ብሎን ላይ ወይ አይገባም፣ ወይ ላልቶ በባዶ ይዞራል። እኔ ደግሞ በመዶሻ መትቼ አስገባሁት። የብሎኑ ጠርዝ ተላልጦ ድቡልቡል ሆኖ ቀረ። ጋሽ ታደሰ ይኼኔ ለጥ ብሎ ተኝቷል።

አባቴ ብሎኑን በጣቱ ዳበሰው። «ከመቀመጫዋ ሥር የነበሩት መፍቻዎች የታሉ? ለሷ ልክ የሚሆኑት እነሱ ብቻ ናቸው» አለ።

እነዚያን የዛጉ ብረቶች አምና በጣቢያው ብሎኖች ላይ ብሞክራቸው ካንዱም አልገጥም ቢሉኝ፣ የማይረቡ ናቸው ብዬ ለሥጋ ሻጩ ለሰይድ ሰጥቻቸዋለሁ። «አሁን አመጣለሁ» ብዬ ሮጥኩ።

ሰይድ ደስ ብሎት ቢላዋ አሳየኝ። «አንተ የሰጠኸኝ ብረት እኮ ነው። ቀጥቃጩ አሳመረው፣ ወላሂ አጥንት ይቆርጣል።» የቀሩትም ቢላዋ ሆነው ገዋኔ ገበያ ተሸጠዋል። ሰይድን ምን እለዋለሁ? የሰጠሁት እኔ።

ስመለስ አባቴ ከሞተሯ አጠገብ አልተነሳም። የእግሬን ኮቴ ሲሰማ፣ መፍቻውን ሊቀበለኝ መዳፉን ዘረጋ።