አስሩ ማህተም

ውድ ወንድሜ ሬሚ፣ እንዴት ከርመሃል? ያ የወገብህ ሕመም ተሻለህ ወይ? ክሌርስ፣ መንትዮቹስ ደህና ናቸው? ሞንትሪያል ብርዱ ለቀቃችሁ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። አባባን ግን ደህና ነው ብዬ ልዋሽህ አልችልም።

ስንነሳ ያልከኝን አልረሳሁም። አባባ በብስክሌት እስከ ባሕሩ ደርሶ በየከተማው ሱቅና ገዳም ማህተም በሚመታበት የጉዞ ካርዱ ላይ የአስር ከተማ ማህተም ካስመታ በቤቱ ይኖራል፣ ካቃተው ግን የአረጋውያን መጦሪያ ይገባል ብለሃል። እኔም እሺ አልኩ፤ በሆዴ ግን አርባ ዓመት ሥራ ቦታው በር ላይ የሰዓት ካርድ ሲያስመታ የኖረ ሰው ነው፣ ያሳፍርሃል ብዬ ፎክሬብህ ነበር። እውነትም አምስቱን ከተማ እንደ ጎረምሳ ነው ያለፋቸው። ዳገት ላይ ቆሞ፣ ነይ እንጂ አንቺ አሮጊት እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

ትናንት ማታ ስድስተኛዋ ከተማ፣ ኮንክ ገባን። ጉልበቴ ስላበጠ ዛሬን እንረፍ አልኩ፤ ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው። ብስክሌቶቹን ቆልፌ እግሬን ሰቅዬ ጋደም አልኩ። እሱ ካርዱን ኪሱ ከትቶ ከተማውን ልዙር ብሎ ወጣ። የድሮ ከተማ መንገድ ታውቀዋለህ፣ ዞረህ ዞረህ እዚያው ገዳሙ በር ላይ ነው የምትገኘው።

ከሰዓት በኋላ ጉንጩ ቀልቶ ተመለሰና ካርዱን ጭኔ ላይ አኖረው። አስሩም ሳጥን ሞልቷል። ከስድስተኛው ማህተም ጀምሮ የዳቦ ቤቱ፣ የቡና ቤቱ፣ የሥጋ ቤቱ፣ የገዳሙ፣ ደግሞ የዳቦ ቤቱ ነው፤ ሁሉም ላይ ኮንክ ይላል።

«ዛሬስ አምስት ከተማ አዳረስን» አለኝ። «እግሬ እንደሆነ አልከዳኝም። ለሬሚ ላኪለት፣ ይይልኝ።»

ብስክሌቱ እኮ ከተቆለፈበት አልተነቃነቀም። እያነከስኩ ዳቦ ቤት ሄጄ ሴትዮዋን ጠየቅኳት። ማህተሙን የመቱለት ሰዎች ምን አጠፉ? ሽማግሌ ቆቡን አውልቆ ካርድ ሲዘረጋ ማን እምቢ ይላል?

«ሽማግሌው ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጡ የከተማውን ስም ጠየቁኝ» አለችኝ። «ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ።»

ወንድሜ፣ የእኔ ተስፋ እዚያው ዳቦ ቤት በር ላይ አለቀ። ካርዱን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። የመጦሪያውን ፎርም ፈርምና ላክልኝ፤ ነገ በባቡር እንመለሳለን። እሱ እንደሆነ ጉዞው ያለቀ ነው የመሰለው፣ አይከራከረኝም።

ክሌርን በጣም አድርገህ ሳምልኝ። መንትዮቹን ጉንጭ ጉንጫቸውን። አባባም፣ ባሕሩ ዳር ደርሼ ሰላም ብዬሃለሁ በይው ብሏል።

እህትህ ኦዲል
ኮንክ፣ ጁን 9 ቀን 2011